ባሕር በጋሼ ዘሩባቤል ሳሎን

ጋሼ ዘሩባቤል ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቀይ ባሕርን ዓይናቸውን ጨፍነው በጠመኔ ይስሉታል፤ ባሕር ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም። ጡረታ እንደወጡ ፒያሳ መስታወት ቆራጭ ዘንድ የሕፃን አልጋ የሚያህል ሣጥን አሠሩና፣ አፍንጮ በር ሰፈር ያለው ሳሎናቸው ውስጥ ባሕር ሊሠሩ ተነሡ።

እኔ ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው ነኝ። ፉል ቤት አለችኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ አላለፈም፤ የሰው ቤት ገብቶ በማየት ግን የሚቀድመኝ የለም።

የቧንቧ ውሃ በጄሪካን አጠራቅመው ክሎሪኑን በመድኃኒት አጠፉለት። የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው የወንድማቸው ልጅ ባሮክ ያመጣላቸውን የባሕር ጨው፣ ለአንድ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም እያሉ መዝነው በጠበጡ።

«እስቲ ቅመሺው ሀኒፋ» አሉኝ።

ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ፉል ቢሆን ደንበኛው ሳህኑን ይደፋብኝ ነበር።»

«ባሕር እንዲህ ነው» አሉ ኮራ ብለው።

ከዚያ ወር ሙሉ ዓሣ የለም። ቆሻሻውን የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሸዋው ውስጥ እስኪባዙ ይጠበቃል አሉ። ሰፈሩ እየመጣ ባዶ ውሃ አይቶ ይመለሳል።

«ዓሣዎ ዓይናፋር ናት እንዴ ጋሼ?» እላለሁ።

«ሳቂ፣ ሳቂ» ይሉኛል ደብተራቸው ላይ እየጻፉ።

በመጨረሻ ባሮክ ዓሣዋን በላስቲክ ይዟት መጣ። ብርቱካናማ ናት፤ ነጭ መቀነት ሁለት ቦታ የታጠቀች፣ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማትበልጥ። እኔም ሽንኩርቴን ግማሽ ልጬ እየሄድኩ አያት ጀመር። ጋሼ ወደ መስታወቱ ሲጠጉ ተከትላቸው ትመጣለች።

በሦስተኛው ሳምንት መብል ተወች። ድንጋዩ ሥር ተሸጉጣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ጋሼ ሙቀቱን ለኩ፣ ደብተራቸውን አገላበጡ፤ ምንም አላገኙም።

«እሷ ከሞተች ሌላ አላመጣም» አሉኝ። «ሣጥኑንም ውሰጂው፤ ባቄላ ዘፍዝፊበት።»

ይሄ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ጄሪካን አንሥተው ሣጥኑን መሙላት ጀመሩ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፤ የባሕር ውሃ በጥብጬ እሞላዋለሁ።»

የሣጥኑን ከንፈር አየሁ፤ ዙሪያውን ነጭ ጨው ጋግሯል። እጅጌዬን ሰብስቤ ጣቴን ነከርኩ። ምላሴን አቃጠለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ያኔ የቀመስኩት አይደለም። ድስቴ እሳት ላይ ውሎ ሲጎድል እኔ ውሃ ብቻ ነው የምጨምረው። ጨው አልደግምም፤ ጨዉ የት ሄዶ?»

ጄሪካኑን አስቀመጡ። ከመሳቢያ የጨው መለኪያ አወጡ፤ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አልነኩትም፣ ጨዉ ተመዝኖ ገብቷል ብለው። ነከሩት፤ ከልኩ በብዙ አልፏል።

«ትነት» አሉ ቀስ ብለው። «የዳናክል ጨው እንዴት ተፈጠረ ብዬ በየዓመቱ ፈተና አወጣ ነበር።»

«እኔ ብፈተን እወድቅ ነበር።»

«የወደቅኩትስ እኔ ነኝ።»

አጣድፈን አላቀጠንነውም፤ ድንገት ከሆነ ትደነግጣለች አሉ። ጠዋት አንድ ጆግ ከሣጥኑ ይቀዳል፣ ክሎሪኑ የጠፋለት ንጹሕ ውሃ ይተካል፤ ማታም እንዲሁ። እሳቸው ይለካሉ፣ እኔ እቀምሳለሁ። በአምስተኛው ቀን መቀነቷን አስተካክላ ከድንጋዩ ሥር ወጣች፣ መስታወቱ ጋ መጣችና ጋሼ የጣሉላትን ፍርፋሪ ለቅማ በላች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

አሁን ፉል ቤቴን ከመክፈቴ በፊት ግድግዳውን ያንኳኳሉ።

«ሀኒፋ፣ ነይ ቅመሺልኝ።»

«መለኪያው ምን ሆነ ጋሼ?»

«አለ፤ አንቺም ቅመሺ።»

«ረመዳን ሲገባ በመለኪያዎ ብቻ ይተዳደራሉ እንግዲህ» አልኳቸው።

ጾሙ የሚገባበትን ቀን ጠይቀውኝ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።