የአጋሙ ጫፍ

እህቴ አጋም ልትከል ብላ የተነሳችው ሐኪሙ ቁርጡን ከነገራት በኋላ ነው፤ ዓይኗ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው የሚቆየው። «እትዬ፣ ወፎች ፍሬውን ሲለቅሙ አንዴ ልይ፤ ከዚያ ይጨልም» አለችኝ። ግቢውን ለወፍና ለንብ ለቃዋለች፤ መድኃኒት አይረጭበትም፣ የረገፈ ቅጠል አይጠረግበትም። ግቢው የእናታችን ነበር። ሃያ ዓመት ያስታመምኳትን እኔን ትታ ለዚህች ለታናሽ ልጇ አወረሰቻት። እኔ ጓሮ ባለችው ክፍል አለሁ። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ አልወድም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ችግኝ ጣቢያ ነው። ስለ ተክል ከእኔ ሌላ ማንንም አትጠይቅም። ጠና ያለ ችግኝ መርጬ አመጣሁላት። አጋም የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ሊያብብ ሲል ጠብቄ፣ «ጫፍ ጫፉን ካልከረከምሽው ግንዱ አይጠናም» አልኳት። እሾሁ ጣቷን እያደማው ከረከመች። በዓመቱም ደገመች። ቁጥቋጦው ወፈረ፤ ፍሬ ግን የለም። አንገቷን ስትደፋ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ዓይኗ ጠፋ። ከእንግዲህ ምን አደከመኝ ብዬ ስለ መከርከሙ ዝም አልኩ።

አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን ወደ አጋሙ አቀናች። «እትዬ፣ አበባ ሸተተኝ። አበበ እንዴ? ባላይም ወፎቹ ሲንጫጩበት እሰማለሁ!»

አጋሙ ነጭ በነጭ ሆኗል። የእሷም ፊት በርቷል፤ አንጀቴን ያሳረረው ያ ፊቷ ነው።

«የጎረቤት ሽቶ ነው» አልኳት። «ይልቅ የመከርከሚያው ጊዜ እንዳያልፍ።» መቀሱን አስይዤ ወደ ቁጥቋጦው ወሰድኳት።

ጥቂት እንደቆረጠች እጇ ላይ የወደቀውን ዳሰሰች። የአንዷን አበባ ቅጠሎች በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ መልሱን ከእናታችን ቀብር ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ።

«ያን ጊዜ ስከረክመውም ሊያብብ ነበር?» አለች።

ከትከሻዋ ላይ የረገፈውን አበባ አራገፍኩላት።

 መቀሱን እንደገና ከፈተችው።

«እሺ እትዬ። ከአንቺ ሌላ ማን ይመራኛል? የቀረው የት ጋ ነው?»

እጇን ይዤ አደረስኳት።