የማስለቀቂያው ቃል

የሟቹ ታላቅ ወንድም ግቢው መሃል በጀርባው ተዘርሯል፤ ደረቱ ላይ ከእሱ የሚከብድ ውሻ ተጋድሞበታል። ለቀስተኛው በሙሉ በረንዳው ላይ ተኮልኩሎ ያያል እንጂ አንድ እርምጃ ወደፊት የሚል አልተገኘም።

«ኧረ በፈጠራችሁ አንሱልኝ!» ይላል ሰውየው በሲቃ። ከሌላ ከተማ ሲመጣ ለቀብሩ ሳይደርስ ቀርቶ በማግስቱ መግባቱ ነው። ውሻው ገመዱን በጥሶ ኖሮ፣ ሰውየውን ከነሻንጣው ድምፅ ሳያሰማ ጣለው።

«ጋሼ፣ እንዳይነቃነቁ! አይነክስም፣ ዝም ብሎ ነው የሚይዘው» አለች የሟቹ ሚስት ከደረጃው ጫፍ።

«ካልነከሰ መጥተሽ አንሺልኛ!»

እንዴት ብላ? እሷ ራሷም ትፈራዋለች።

ባሏ የመጋዘን ጠባቂ ውሾች አሠልጣኝ ነበር። ይኼን ቡችላ ያመጣው ዕለት የዘሩን ታሪክ የገዛ ዘሩን እንደሚቆጥር ሰው እየተኩራራ ነገራት። ድሮ እንግሊዝ አገር የባለርስት ደን ጠባቂዎች በጨለማ ሹልክ የሚል ሌባ አዳኝ ሲያስቸግራቸው፣ ማስቲፍ የሚባለውን ግዙፍ ውሻ ቡልዶግ ከሚባለው ደፋር ጋር አዳቀሉ። ከሁለቱ የተወለደው ቡልማስቲፍ አይጮኽም፣ አይቦጭቅም፤ ሰው ጥሎ፣ ጌታው መጥቶ የማስለቀቂያ ቃል እስኪናገረው ይተኛበታል።

«እኔ ከሌለሁ ግቢ እንዳትወጪ» አላት። «ይኼ ሚስት አይል ዘመድ አይል፣ ይጥልሻል።»

«ታዲያ የማስለቀቂያውን ቃል ለኔም ንገረኛ።»

«ሁለት ሰው ካወቀው ምኑን ምስጢር ሆነ? አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ሱቅ ለመሄድ እንኳ እሱ ውሻውን እስኪያስርላት ትጠብቃለች። እሱ ከሌለ በመስኮት እያየች ትውላለች። ለሚስቱ ያልነገረውን ለማን ይነግራል ብላ፣ ሞኟ፣ በዚህም ትኮራ ነበር።

ከሴቶቹ መሃል፣ ጥግ ይዛ ስታለቅስ የዋለች አንዲት የማትታወቅ ሴት ከደረጃው ወረደች። ሳትቸኩል ሄዳ ውሻው አጠገብ ተንበረከከች።

«ዝናብ» አለችው።

ውሻው ተነሣ። ጅራቱን እየቆላ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። በረንዳው ላይ የነበሩት ሴቶች ተያዩ፤ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ አልቄ ነበር» አለ ወንድምየው ሱሪውን እያራገፈ። እሱ ምን ያውቃል!

ሚስቲቱ ሴትየዋን ወደ ማድቤት ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ይዞት ይመጣ ነበር።»

«ቅዳሜ ከውሻው ጋር መጋዘን ነው የሚያድረው።»

ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። «ላልቅስ ብዬ ብቻ ነው የመጣሁት። ሰውየው ሲጨንቀው ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እርስዎም ዝም ሲሉ ገረመኝ።»

«እኔንም ይጥለኛላ!»

«እርስዎን?» ከልቧ ተገርማ ቀና አለች። «የቤት ሰውማ አይነካም። ዘሩ እንደዚያ ነው። እኔ ቤት ምንጣፍ ላይ ነው የሚተኛው፤ የጎረቤት ልጆች ይጋልቡታል። አልነገረዎትም?»

የሌላ ሴት ነገር ሚስቲቱን አንገበገባት። ይኼኛው ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ፤ ፍርሃቱን ለእሷ ብቻ ብሎ ነው የሠራላት። ከቤቷ ወጥታ የት እንደሚውል እንዳታይ፣ በገዛ በሯ ላይ ውሻ አቁሞ ሄደ። በሩን ከፈተችላትና ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

«ማናት ደግሞ እሷ?» አለቻት እህቷ፣ ሚስቲቱ ሳሎን ስትደርስ።

«የውሻው ዘመድ» አለችና ብቻዋን ወደ ግቢው ወረደች።

ውሻው አጥሩ ሥር ተኝቷል። ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ በአፍንጫው ሥር አለፈች። አንድ ዓይኑን ገልጦ አያትና መልሶ ጨፈነ። ያ ብቻ ነው።

ባሏ ሳይሞት ያጠበችለት ሸሚዝ እስካሁን የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነው። አወረደችው፤ እንደ ልማዷ እጅጌውን አጥፋ አንገትጌው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሸሚዙን ውሻው ፊት ጣለችለት።

«እንካ» አለችው፣ «አንተ አልቅስለት።»