ኳላላምፑር የማታውቀው በዓል

ስዊ ጌክ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ስታስተምር የትምህርት ቤቱን በር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በገዛ እጇ ትቆልፍ ነበር። ያረፈደ ተማሪ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሰማያዊ መዝገብ ላይ «አርፍጃለሁ» ብሎ ይፈርማል። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ መዝገቡ ላይ አልነበረም።

አሁን ጡረታ ወጥታ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቷ፣ ከባንኩ ደብዳቤ መጣላት። የጁላይን ክፍያ ዘግይተው ስለከፈሉ የክሬዲት ካርድዎ ወለድ ከአሥራ አምስት በመቶ ወደ አሥራ ስምንት ከፍ ብሏል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ።

ካርዱ ላይ ያለው ዕዳ ሰባት ሺህ ሪንጊት ያህል ነው። ያለፈው ዓመት ለባሏ የተገዛ፣ ጀርባው ከፍና ዝቅ የሚል የሕመምተኛ አልጋ ዋጋ ነው። እሱ ሲሞት አልጋው ለአረጋውያን መጦሪያ ተሰጥቷል። ዕዳው እሷ ጋ ቀርቷል፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትከፍላለች።

ልጇ በስልክሽ ክፈዪ ብላ መክራታለች። ስዊ ጌክ ግን ባሏ ኬንግ ሁዋት ያደርግ እንደነበረው ነው የምታደርገው። እሱ ወሩ በገባ በሰባተኛው፣ በመክፈያው የመጨረሻ ቀን፣ በእግሩ ባንክ ይሄዳል፤ ከፍሎ ሲወጣ ጥጉ ላይ ካለችው ምግብ ቤት የሽሪምፕ ኑድል ይበላል። አንድ ቀን አስቀድሞ ከፍሎ አያውቅም። «ገንዘቤ ባንኩን ይህን ያህል ከናፈቀው መጥቶ ይውሰድ» ይል ነበር።

ጁላይ ሰባት የጆርጅታውን የቅርስ ቀን ነው፤ ከማሌዥያ ሁሉ ፔናንግ ብቻ የሚያከብረው በዓል ስለሆነ ደሴቱ ሁሉ ዝግ ነው። ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ቀኑ ሰባት ነውና ሄደች። የባንኩ የብረት መዝጊያ ወርዷል። ኑድሏን በላች፤ በማግሥቱ በሩ ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ ገብታ ከፈለች። የመክፈያው ቀን በዓል ላይ ከዋለ በሚቀጥለው የሥራ ቀን መክፈል እንደሚቻል ውሉ ላይ ተጽፏል።

ደብዳቤውን ይዛ ቅርንጫፉ ስትደርስ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው መነጽር ያደረገ ወፍራም ሰውዬ «ኡይ ስዊ ጌክ» የሚለውን ስም አየና ቀና አለ።

«ቲቸር ኡይ?»

«ማን ልበል?»

«ካቲርቬል ነኝ። አራተኛ ቢ። ከባሕሩ ማዶ፣ ከባተርወርዝ እመጣ የነበርኩት።»

አወቀችው። ሰማያዊው መዝገብ ላይ የእሱን ያህል የፈረመ ተማሪ አልነበረም።

«ባንኩ እንዴት ቀጠረህ?» አለችው።

«ቃለ መጠይቁ ከሰዓት በኋላ ነበር።» ደብዳቤውን ማንበብ ጀመረ፤ ፈገግታውን ለመደበቅም ወረቀቱን ከፍ አደረገው። «ቲቸር፣ ዘግይተዋል ነው እኮ የሚለው። እርስዎ። ባልደረቦቼን ጠርቼ ላሳያቸው?»

«አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

የሆነውን ነገረችው። ካቲርቬል ራሱን ነቀነቀ።

«እውነት አለዎት። ግን ኳላላምፑር ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ኮምፒውተር የኛን በዓል አያውቀውም። ለእሱ ጁላይ ሰባት ተራ የሥራ ቀን ነው።»

«ታዲያ ንገሩታ።»

«ቀላሉን ላሳይዎት።» አንድ ቅጽ አወጣ። «የዘገዩበት ምክንያት» በሚለው ሥር ታምሜ፣ ተጉዤ፣ ረስቼ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። «ረስቼ የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። የመጀመሪያዎ ስለሆነ ይቅር ይባላል፤ ዛሬውኑ ወደ አሥራ አምስት ይመለሳል። እከራከራለሁ ካሉ ግን ወረቀቱ ኳላላምፑር ይሄዳል። እዚያ እምቢ ካሉ አሥራ ስምንት እንደሆነ ይቀራል፤ ይቅርታውም ያኔ የለም።»

ስዊ ጌክ አሰበች። በዓመት ሁለት መቶ አሥር ሪንጊት ማለት ነው፤ ሠላሳ ሳህን ኑድል። ለጡረተኛ ቀላል አይደለም። የያዘችው የባንኩ እስክሪብቶ ሳጥኑ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«አልረሳሁም» አለች። «የወሩን ሰባተኛ ቀን አልረሳም።»

ካቲርቬል መቀለዱን ተወ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው።

«እኔንም ያኔ ያስረፈደኝ ጀልባው ነበር» አለ።

«የምን ጀልባ?»

«ጭጋግ ሲሆን ጀልባው ይቆም ነበራ። ነገርኩዎት እኮ። ‹ባሕሩ የራስህ ጉዳይ ነው፤ ፈርም› አሉኝ።»

ማለቷን አስታወሰች። ቃሉን ብቻ ሳይሆን የልጁን እርጥብ ጫማም ጭምር።

«ያ ሁሉ በጀልባው ነበር?»

«ሁለቱ ቀን በጀልባው። ሌላው እንቅልፍ ነው።»

ስዊ ጌክ ከቦርሳዋ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። «የዘገዩበት ምክንያት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ «አልዘገየሁም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ባሕሩን፣ ደሴቱንና ዋናውን ምድር ሣለች። ደሴቱ ላይ «ቅርንጫፌ እዚህ ነው፤ ጁላይ ሰባት በዓል» ብላ ጻፈች፤ ወደ ታች ወርዳ ደግሞ «ኳላላምፑር፤ በዓል የለም»።

ካቲርቬል አንገቱን አስግጎ አየው።

«የሰሜን ቀስት የለውም። በኛ ጊዜ ሁለት ማርክ ያስቀንስ ነበር።»

ቀስቱን ጨመረች። እሱም ቅርንጫፉ ያን ቀን ዝግ እንደነበር የሚገልጸውን ማስታወቂያ አያይዞ፣ ማኅተም መትቶ፣ ምስክር ነኝ ብሎ ፈረመ።

መልሱ ሁለት ወር ፈጀ። ሁለቱንም ወር በአሥራ ስምንት ስትከፍል «እንዴት ነው፣ ጀልባው መጣ?» ማለት የካቲርቬል ሥራ ሆነ። በመጨረሻ ደብዳቤው ደረሰ፦ ወለዱ ወደ አሥራ አምስት ተመልሷል፤ የተወሰደው ትርፍ ተመላሽ ይሆናል፤ የመዘግየት ምልክቱም ከመዝገቧ ተሰርዟል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። የካርታውን ቅጂ ግን አያይዘውታል፤ «ደርሶናል» የሚለው ማኅተም ልክ የሰሜኑ ቀስት ላይ አርፏል።

ኦክቶበር ሰባት ልትከፍል ስትመጣ ካቲርቬል ደብዳቤውን ከእሷ እኩል ደስ ብሎት አነበበው።

«እንግዲህ ከሂሳብዎ በራሱ ጊዜ እንዲቆረጥ ላድርገው? ይህን ሁሉ መንገድ በየወሩ ምን ያመላልስዎታል?»

«ግድ የለም፤ እመጣለሁ።»

ቀና ብሎ አያትና ሁለተኛ አልጠየቃትም። ገንዘቡን ቆጥሮ ደረሰኝ ሰጣት። እሷ ደግሞ በመስኮቱ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አሳለፈችለት። በቀይ የተጻፈ ነው፦ «ካቲርቬል፣ አራተኛ ቢ። የሁለት ቀን ማርፈድ ተሰርዟል። ምክንያት፦ ጭጋግ።» ከሥሩ ፊርማዋ አለ።

አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ አስገባው።

«ሌሎቹስ፣ ቲቸር?»

«ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ» አለች ቦርሳዋን እየዘጋች። «ዛሬም መስኮቱን የከፈትከው አምስት ደቂቃ አሳልፈህ ነው።»

ከዚያ ወጥታ ጥጉ ላይ ወዳለችው ምግብ ቤት አመራች።