አይነቃነቄ ያነጠፉት ወለል

ሽማግሌው ሴራሚክ ሲያነጥፉ ያረጁ ሰው ናቸው። ያነጠፉት አይነቀልም፣ ሲያንኳኩትም ባዶ ድምፅ አይሰጥም ስለሚባል የሙያ ባልደረቦቻቸው «አይነቃነቄ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን ይወዱታል። ማንስ ይጠላል?

ጣጣው የመጣው ጉልበታቸው ከድቷቸው ዊልቸር ላይ ሲቀመጡ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የራሳቸውን ወጥ ቤት ሲያነጥፉ ሲሚንቶውን አወፍራለሁ ብለው ወለሉን ከኮሪደሩ ሦስት ጣት ከፍ አድርገውት ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት ሴት ልጃቸው፣ ባሏና ሁለቱ ልጆቿ የሚበሉትም የሚጫወቱትም እዚያ ነው፤ ዊልቸሩ ግን ያቺን ሦስት ጣት አይወጣም። ሳንቃ ዘርግተው ሞከሩ፤ ሳንቃው ተንሸራቶ ሽማግሌው በግንባራቸው ሊደፉ ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ኮሪደር ውስጥ ብቻቸውን ይበላሉ። ከወጥ ቤት ሳቅ ሲሰሙ «ምን ተባለ?» ብለው ይጮኻሉ፤ እስኪነገራቸው ቀልዱ ይበርዳል።

ይሄ ነገር ልጃቸውን አንገበገባት። ወለሉን እንዲያይላት የጠራችው አንጣፊ ትንሽ አንኳኳና ሳቀ። ፀጉር ሠሪ መሆኗን ያውቃል።

«የኔ እህት፣ ይሄን ያነጠፈው ሰው እብድ ነው። መሮ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ አይያዝም። ይቅርብሽ» ብሏት ሄደ።

ሽማግሌው እንደተሞገሰ ሰው ፈገግ አሉ። እሷ ግን በንዴት ጦፈች። በማግስቱ ጠዋት ምድጃውንና ጠረጴዛውን አስወጥታ፣ መነጽርና ጓንት አድርጋ፣ መዶሻና የብረት መሮ ይዛ ገባች።

ወለሉ ወይ ፍንክች! በመታችው ቁጥር ጥፍር የምታክል ፍንጣሪ ትዘላለች እንጂ አንዱም ከቦታው አልተነሣ። ሽማግሌው ከኮሪደር ሆነው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ «አይ ሥራ!» እያሉ ራሳቸውን ሲያሞግሱ ነበር፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ሙገሳው ቀረ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ አርጅቶ፣ ሞቷል አባባ!» መሮውን ወረወረችና ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች። መዳፏ ውሃ ቋጥሯል። «አልቻልኩም። ዕድሜዎን ሙሉ እዚያ ሊቀመጡ ነው።»

ሽማግሌው ዊልቸራቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምድጃው የነበረበት ጥግ ሂጂ።»

«እዚያስ ምን አለ?»

«አትጠይቂኝ። በመዶሻው እጀታ አንኳኪው።»

አንኳኳች። ድው፣ ድው አለ። ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«አባባ! ይሄ ባዶ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ያን ቀን ኳስ ነበር። ሲሚንቶ አለቀብኝ፤ ልገዛ ብሄድ ጨዋታው ሊያመልጠኝ ነው። ደረቅ አሸዋ ሞላሁና ከደንኩት። ምድጃው ይሸፍንልኛል አልኩ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹የኔ ሥራ እንከን የለውም› ሲሉን ኖረው?»

«ደግሞ ተሸነፍን» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

በእንባዋ መሀል ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች መታችው፤ ሴራሚኩ በአንድ ምት እንክትክት አለ። አሸዋውን በእጇ ዛቀች። አሁን መሮው ከላይ መውረዱ ቀርቶ በጎን፣ በወፍራሙ ሲሚንቶ ሥር ገባ። ባላት ጉልበት ሁሉ መታች። ወለሉ ተንቋቋና ከነሲሚንቶው የገበታ ያህል ሆኖ ተገነጠለ።

«ተነቀለ!» ብላ ጮኸች። «ተነቀለ አባባ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ሽማግሌውም አዛዥ ሆነው አረፉት። «ዝቅ አድርጊው! ከግራ! እንደሱ! በይው፣ አትማሪው!» እያሉ በገዛ ሥራቸው ላይ አዘመቷት። የኩራታቸው ነገር መቼም አይጣል ነው፤ አሁን ደግሞ «ልጄ የኔን ወለል ነቀለች» ብለው ለጎረቤት በስልክ አወሩ።

አመሻሽ ላይ ባሏና ልጆቹ ፍርስራሹን በጆንያ ተሸክመው አወጡ። ከኮሪደሩ ጋር እኩል የሆነው የታችኛው ወለል ተጠረገ፤ ጠረጴዛው ተመለሰ። ልጃቸው ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ ነጭ አቧራ እንደለበሰች ዊልቸሩን ልትገፋ ስትመጣ፣ ሽማግሌው እጇን መለስ አደረጉት። ጎማውን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደፊት አሽከረከሩ። በሩን አለፉ። ምንም ነገር አላደናቀፋቸውም። እስከ ጠረጴዛው ራስ ድረስ ሄደው፣ ዞረው፣ ተደርድረው የሚያዩአቸውን አራቱንም ተመለከቱ።

«ምን ትገተራላችሁ?» አሉ። «ተቀመጡ እንጂ፣ እንብላ!»