ከቢዮ አዋሌ የመጣው ቀንድ አውጣ

መምህር ገብረ መድኅን ድሬዳዋ ከገባ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሸዋ ሲመጣ ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ አብራው ነበረች። እሷን ወባ ከነጠቀችው ወዲህ ግን፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በተከራያት ቤት የገዛ ድምፁን ሳይሰማ የሚያድርበት ቀን በዛ። አፉን የሚፈታው ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያም በየዓመቱ ያንኑ ይላል፦ ሕይወት ያለው ነገር ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያድጋል፣ ይዋለዳል።

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና የትምህርት ቤቱ ጣራ አፈሰሰ። በማግስቱ የናሙናውን ቁም ሳጥን ሊያደርቅ ከፈተው። ካርቶን ላይ በሙጫ ከተጣበቁት ደረቅ ቀንድ አውጣዎች አንዱ ቦታው ላይ የለም። እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር «ቢዮ አዋሌ፣ ኅዳር ፲፱፻፵፮» የሚለውን ጽሑፍ አቋርጦ ወደ ቁም ሳጥኑ በር ሄዷል። እዚያ ሲያይ፣ ቀንድ አውጣው ሁለት ቀንዶቹን አውጥቶ ቀስ እያለ ይሳባል።

ገብረ መድኅን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ቢዮ አዋሌ የለቀመቻቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች። «ያንተን ጽሑፍ ማን ያነበዋል» ብላ ካርቶኑንም የጻፈችው እሷው ናት። እሷ ከተቀበረች አራት ዓመት አልፏል፤ በጣቷ ይዛ ያጣበቀችው ግን ነቅቶ ይሄዳል።

ለተማሪዎቹ አሳያቸው። ፋርቱን የምትባል፣ ሳትጠይቅ የማታልፍ ልጅ ተነሣች።

«መምህር፣ ስድስት ዓመት አልበላም፣ አልተንቀሳቀሰም፣ አላደገም። በማስታወሻችን ከሄድን ሞቶ ነበር ማለት ነው።»

«ቢሞትማ ኖሮ ባልነቃ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሕያው የነበረው በምኑ ነው?»

ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረ። የገዛ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ትናንት ማታ እራቱን በልቷል፤ ዛሬም በእግሩ መጥቷል፤ በዝርዝሩ መሠረት ሕያው ለመባል እሱ ራሱ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

«አላውቅም» አለ። በመምህርነት ዘመኑ ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ቀንድ አውጣውን ቤቱ ወስዶ በሰፊ ብርጭቆ አኖረው፤ ለሱ ብሎም ቀፊራ ገበያ መመላለስ ጀመረ። አትክልት የምትሸጠው ዳሃቦ፣ እንደ አገሬው ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምትለው።

«አቦ መምህር! ለአንድ ራስህ ይሄ ሁሉ ሰላጣ? እንግዳ መጣልህ እንዴ?»

«ቀንድ አውጣ ነው» አለና እስኪያፍር ድረስ ሁሉንም ነገራት። ዳሃቦ አልሳቀችም።

ሰኔ ሲገባ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቀንድ አውጣው መብላቱን ተወ። ቅርፊቱ ውስጥ ገባና አፉን ብራና በመሰለ ስስ ክዳን ደፈነ። ገብረ መድኅን ሞቶ ይሁን ተኝቶ መለየት አቃተው። ውኃ ቢያርከፈክፍበት ይለይ ነበር፤ ባይነቃስ ብሎ ፈራ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የውኃውን ማሰሮ እያነሣ መልሶ ያስቀምጥ ነበር።

«ወደ ወገኖቹ መልሰው» አለችው ዳሃቦ ይህን ሲነግራት። «እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ማን አለው?»

ቅዳሜ ዕለት ዋበሪ በሚባል ሾፌር የጭነት መኪና ተሳፍሮ ቢዮ አዋሌ ወረደ። ወለተ ጊዮርጊስ ተንበርክካ የለቀመችበትን ቋጥኝ አላጣውም። ሥሩን ቢያይ፣ እንደዚያው አፋቸውን የደፈኑ ቀንድ አውጣዎች ተጠጋግተው ተኝተዋል። የራሱን መሀላቸው አኖረው። ላቡን ጠርጎ ሲመለከት ግን የትኛው እንደሆነ ጠፋበት። አንዱን አነሣ፤ አይደለም። ሌላውን አነሣ፤ እንጃ። ሙጫው ከታጠበ ቆይቷል፤ ሁሉም አንድ ናቸው።

ዋበሪ በመመለሻው የመኪናውን ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ እዚያው ተቀመጠ።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለው ዋበሪ መሪውን እያዞረ።

ገብረ መድኅን «ሚስቴ ወለተ ጊዮርጊስ ትባል ነበር» ብሎ ጀመረ፤ ከተማው እስኪታይም አላቋረጠም። ዋበሪ ከአማርኛው ግማሹን የተረዳው አይመስልም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚራ ሰፈር አወረደውና ጭነቱን ሊያራግፍ ሄደ። መምህሩ፣ የገዛ ድምፁ ገና በጆሮው እንዳለ፣ በሩን ከፍቶ ገባ።