«ጾመው ይምጡ»

ዶክተር አበጋዝ ነገሩን አላድበሰበሰም። በተክለወልድ ቀኝ እግር አውራ ጣት ላይ ያለው ቁስል እስከ ፋሲካ መዳን ካልጀመረ ጣቱ ይቆረጣል። ተክለወልድ ደግሞ የሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ነጂ ነው፤ ፍሬን የሚረግጠው በዚያው እግር ነው።

«ለደም ምርመራ ነገ ጾመው ይምጡ» አለችው የላብራቶሪዋ ልጅ ቤተልሔም።

ደስ አለው። በጾምማ ማን ይቀድመዋል? ሁዳዴ ከገባ ቅቤ በአፉ አልዞረም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን ለካህናቱ ትቶታል። በማግስቱ መናኸሪያው በር ላይ ከፓስቲ ጠባሿ ዙሁራ ሁለት ፓስቲ ገዝቶ ገመጠና ሄደ።

የተቀዳው ደም ትንሽ ሲቆይ ላዩ ወተት መሰለ።

«ጋሼ፣ በልተዋል እንዴ?»

«ኧረ እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«ምን ቀመሱ?»

«የጾም ፓስቲ።»

ቤተልሔም ሳቋ አመለጣት። «እዚህ ጾም ማለት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው።»

በማግስቱ የእሷን ጾም ጾሞ መጣ። ደሙ ያው ወተት ነበር። ያኔ ደነገጠ።

«ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው» አለው ዶክተር አበጋዝ። «ደሙ በስብ ሲሞላ ስቡን እየዋጡ ይፈዛሉ፤ ቁስሉ ጋ ቢደርሱም እንደ ድሮው አይዋጉም። የእርስዎ ቁስል አልድን ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።»

«ቅቤ አልበላሁም እኮ።»

«ዘይቱስ? አረቄውስ? ሻይ ላይ የሚገለብጡት ስኳርስ?»

ተክለወልድ ተናደደ፤ በሐኪሙ ሳይሆን ጠግበው በተኙት ዘበኞቹ። ጣቴንስ አልሰጥም አለ በልቡ።

መድኃኒቱን ዋጠ፣ ቁስሉን አሳጠበ፣ አረቄን ተሰናበተ። የፓስቲው ሽታ ግን በየጠዋቱ ይጠራዋል።

«ተጣላን እንዴ ተክሌ?» አለችው ዙሁራ።

«ከዘይትሽ ጋር ነው የተጣላሁት።»

ከዚያ ወዲያ ንፍሮ ትቋጥርለት ጀመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላል ከሄደ፣ ተክለወልድ አምስት ጣቱን ይዞ የማይሄድበት ምክንያት አልታየውም።

በጸሎተ ሐሙስ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። የቁስሉ ዙሪያ ቀይ፣ አዲስ ሥጋ አውጥቷል። «መቁረጡ ቀርቷል» አለ። «ደሙ እስኪጠራ ግን ምርመራው ይደገማል።»

በፋሲካ ጠዋት ሚስቱ ፅዮን ቅቤ የተንሳፈፈበት ዶሮ ወጥ አቀረበች። ተክለወልድ ምራቁን ዋጠ፤ ክፉኛ አማረው። ሳህኑን ገፋ አደረገና ንፍሮውን ሳበ።

«ምነው? ጾሙ ተፈታ እኮ።»

ከጠረጴዛው ሥር አውራ ጣቱን ነቅነቅ አደረገው።

«የእናንተ ነው የተፈታው። የእኔን ፋሲካ የምታውጀው የላብራቶሪዋ ልጅ ናት።»