ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ቤት

ቤቱ ገና ከመሠረቱ ጀርባውን ለሰው የሰጠ ቤት ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ የሚመላለስበት ቀጭን የእግር መንገድ የሚያልፈው በጓዳው በኩል ነው፤ ዋናው በር፣ በረንዳውና ትልልቆቹ መስኮቶች ግን ማንም ወደማይመጣበት ወደ ባዶው ሜዳ ያያሉ። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ፣ ሹምም ይሁን አማች፣ በጓዳ በር ገብቶ ድስትና መጥረጊያ ተሻግሮ ነው ሳሎን የሚደርሰው። የቤቱ እመቤት በሕይወት ሳለች እንግዳውን ምድጃው አጠገብ ተቀብላ፣ "አትቀየሙን፤ ቤታችን ገና ያልመጣ ሰው እየጠበቀ ነው" ትል ነበር።

ጥፋቱ የባሏ ነው፤ ጥፋት ከተባለ። በወጣትነቱ የመንገድ ቀያሾች ረዳት ነበር። ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ይዞ ይቆማል፣ ሜትር ይጎትታል፣ ችካል ይተክላል። አንድ ቀን ዋናው መሐንዲስ አንድ ትልቅ ሥዕል መኪናው ላይ ዘርግቶ አሳያቸው። በሁለት ረድፍ ዛፍ መሀል የሚሄድ ሰፊ ጎዳና፣ ጭስ የሌለው አውቶቡስ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች፣ ልጅ በጋሪ የምትገፋ ሴት። በሥዕሉ ውስጥ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። "ልጆቻችሁ በዚህ ነው የሚሄዱት" አላቸው። ሌሎቹ ረዳቶች አይተው አድንቀው ወደ ምሳቸው ሄዱ። እሱ ግን አመነ። ደመወዙን አጠራቅሞ በገዛ እጁ ከተከለው ችካል አጠገብ ቦታ ገዛ፤ የቤቱንም ፊት ወደ ችካሉ አዞረ። ይህ አልበቃው ብሎ ከበረንዳው ፊት የድንጋይ አግዳሚ ሠራ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች እንዲያርፉበት! ሚስቱ አግዳሚው ላይ ልብስ እያሰጣች "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ትለዋለች። እሱም አብሯት ይስቃል።

ችካሎቹን ምስጥ በላቸው። መሐንዲሱ ሞተ፣ የቤቱ እመቤትም ሞተች፣ ሜዳው የቆሻሻ መጣያ ሆነ። እሱ ግን በየዓመቱ የፊት ለፊቱን በር ቀለም ይቀባ ነበር።

መንገዱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ ብሎ የሚሳለቅ ካለ አፉን ይያዝ። መንገዱ መጣ። ሰውየው ሰማንያን ካለፈ፣ ጉልበቱም ዓይኑም ከከዱት በኋላ መጣ። መጥቶም ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ከአግዳሚው አንድ እርምጃ ላይ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ የኮንክሪት ግንብ አቆመ። ከግንቡ ወዲያ መኪኖች ሌት ተቀን ይከንፋሉ፤ ከግንቡ ወዲህ ፀሐይ እንኳ መግባት ትታለች። መቆሚያ የለው፣ መሻገሪያ የለው። በአንዱ የከተማ ጫፍ የገባበት መኪና ሌላው ጫፍ ሳይደርስ አይወጣም። ሽማግሌው ግን ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ግንቡን እያየ ያዳምጣል። "ይሄ የጭነት መኪና ነው። ይሄ ደግሞ ባዶ አውቶቡስ" ይላል። አንድ ልጁ፣ ሳሎን ውስጥ የሠራተኛ ቱታ እየሰፋች የምታስተዳድረው ልጁ፣ በመስኮት ስታየው አንጀቷን ይበላታል።

በዚያው ዓመት ልቡ ታመመ። ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ሲነሳበት ቶሎ ከደረሰ ይተርፋል፤ ከዘገየ ግን እኛም ምንም ማድረግ አንችልም" አላት። ቶሎ ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። የጓዳው መንገድ ድሮም ቀጭን ነበር፤ ለመንገዱ ሲባል ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ቆርቆሮ እየቀጠሉ ሲሰፍሩበት ደግሞ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም። አምቡላንስ የሚቆመው ከሰፈሩ ማዶ ነው። ግንቡ ላይ አንዲት ጠባብ በር ብትከፈት ግን ሽማግሌውን ከአልጋው አንስቶ መኪናው ላይ ማድረስ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት እንደ መሄድ ነበር።

መንገድ መሥሪያ ቤቱ ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ። በመጨረሻ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተቀበላት። ሰው አክባሪ ነው፤ ወንበር ሳበላት፣ ውሃ አስመጣላት፣ እስክትጨርስም አላቋረጣትም።

"እናቴ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው" አላት። "በሁለተኛው ምዕራፍ የእግረኛ በሮች አሉ። ይኸው፣ ይዩት።"

ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ሁለት ረድፍ ዛፍ። ጭስ የሌለው አውቶቡስ። ልጅ በጋሪ የምትገፋ ሴት። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷ ሲተርክላት ያደገችበት ሥዕል ነበር፤ የቀረው ባርኔጣው ብቻ ነው። እዚህም የሚቸኩል ሰው የለም።

"የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?"

ወጣቱ ሥዕሉን ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰ ፈለገላት። ግንቡ ላይ እውነትም በር አለ። ከበሩ ፊት ሣር፣ ሣሩ ላይ አግዳሚ ወንበር። ቤት ግን የለም።

"ይሄ እንኳን ለማሳያ ያህል ነው" አለና አቀረቀረ። "እንዳይጨነቁበት።"

"ሁለተኛው ምዕራፍስ መቼ ነው?"

"በጀት ሲፈቀድ።"

አባቷ አግዳሚው ላይ ሆኖ ጠበቃት። እውነቱን ልትነግረው ቆርጣ ነበር የመጣችው። "እህ፣ ምን አሉሽ?" ብሎ ቀና ሲል ግን ጨከን ማለት አቃታት።

"ይከፈታል አሉ።"

"መቼ?"

"በቅርቡ። በደጃችን ልክ።"

"አላልኩሽም?" ሽማግሌው ጉልበቱን በጥፊ መታው። "አላልኩሽም? ምነው እናትሽ በኖረችና በሰማች! ዛፍስ ይተክላሉ?"

"ሁለት ረድፍ።"

መዋሸት ከተጀመረ ዛፍ ምን ያከብደዋል?

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ምግቡን ይጨርሳል፤ መድኃኒቱን ሳይነዘነዝ ይውጣል። ጎረቤቱን ግንበኛም ጠራው። ይህ ግንበኛ በጠሩት ቁጥር "መጣሁ!" ብሎ የማይመጣ ስለሆነ ሰፈሩ ስሙን ትቶ "መጣሁ" ነው የሚለው። ከብዙ "መጣሁ" በኋላ መጣ፤ ሽማግሌው እየለካ፣ እሱ በኖራ እያሰመረ፣ ግንቡ ላይ የበር ቅርጽ አወጡ። ሠራተኞቹ ሲመጡ በልኬት ጊዜ እንዳያጠፉ ነው። ሰፈሩም በሩ ሊከፈት ነው እያለ ያወራ ጀመር።

"ከእንግዲህ በጓዳ አልወጣም" ብሎ ማለ ሽማግሌው። "ዕድሜ ልኬን እንደ ሌባ በጓዳ ገብቼ በጓዳ ወጣሁ፤ ይበቃኛል።" ልጁም ሳቀችለት። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲላት ምላሷን መቁረጥ ያምራታል።

ልቡ የተነሳበት ከምሳ በኋላ፣ እሷ እጅጌ ስትገጥም ነው። ከውጭ "ልጄ" ሲላት ድምፁ የሱ አልመስል አላት። ወጥታ ስታየው ፊቱ አመድ ሆኗል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ደወለች። አምቡላንስ እየመጣ ነው፣ እስከ ሰፈሩ ማዶ አውጡት አሏት። ጮኸች። መጣሁ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሩጫ ደረሰ። ግራና ቀኝ ደግፈው በቤቱ ውስጥ ወደ ጓዳው ሊያሳልፉት ሲሉ ሽማግሌው የፊት ለፊቱን በር መቃን ጨበጠ።

"በጓዳ አይደለም።"

"አባዬ፣ መኪናው የሚመጣው በዚያ ነው!"

"በዚህ ነው የሚመጡት። በሩን ይከፍቱታል። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።"

"ጋሼ፣ በሞቴ ይልቀቁ!" አለ መጣሁ፤ ጣቶቹንም ሊያላቅቅ ሞከረ። በነፋስ መሀል ዘንግ ቀጥ አድርገው ሲይዙ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ በጄ አላሉም።

"አባዬ፣ ዋሽቼህ ነው!" ብላ ጮኸች። "በር የለም! የሚከፍትም የለም! ስሳሳልህ ዋሽቼህ ነው!"

ሽማግሌው ዞሮ አያት። የተቆጣ አይመስልም፤ ያዘነላት ይመስላል።

"ደንግጠሽ ነው" አላት። "አይዞሽ።"

ያን ጊዜ ከግንቡ ወዲያ የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማ። ቀረበ፣ እየጎላ መጣ፣ ልክ በኖራው በር ትይዩ ደረሰ። "ይኸው መጡ" አለ ሽማግሌው። መቃኑን ለቀቀና አውቶቡስ እንደሚያስቆም ሰው እጁን አነሳ። ጩኸቱ አልፎ ሄደ። የእነሱው አምቡላንስ ነበር፤ ወደ ሰፈሩ መግቢያ ለመዞር እስከ ከተማው ጫፍ መሄድ ግድ ነበረበት። እጁ ወደቀ። ተሸክመውት ሮጡ፤ ግን ጓዳውን አላለፈም። በምድጃውና በድስቶቹ መሀል ሞተ።

ለቀስተኞች በጓዳ በር እየገቡ አጽናኗት። "ተስፋ ሳይቆርጥ መሞትም መታደል ነው" አሏት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። ተስፋው ባይኖር ኖሮ በጓዳው ይወጣ ነበር፤ በጓዳው ቢወጣ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ይህን ለማን ትናገራለች?

ዝናብ ጥሎ ኖራውን ካደበዘዘው በኋላ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ኮቴ ሰማች። መጣሁ ነው፤ ሳይጠራ መጥቷል። ባልዲና ብሩሽ ይዟል።

"ልጄ ወሯ ገብቷል" አላት። "ምጧ ሲመጣ በዚያ ቆርቆሮ መሀል እንዴት አድርጌ አወጣታለሁ? መቼ እንከፍታለን አሉ?"

"አይከፍቱትም" አለችው። "ያን ቀን ስጮህ ሰምተኸኝ የለ? ዋሽቼው ነበር።"

መጣሁ ዞሮ አያት። አባቷ ያን ቀን እንዳያት ነው ያያት።

"ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ፣ እህቴ" አለ። "አይዞሽ። እስቲ ባልዲዋን ያዥልኝ።"

ባልዲውን ያዘችለት። መጣሁ ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከረና የበሩን መስመር እንደገና ማስመር ጀመረ።